ከወሳንሳው ሥር

ኬና አፉን በጨው ውሃ ተጉመጥምጦ ከመትፋቱ ኢፑይ የመቅደሱን የኋላ አጥር ዘሎ ገባ።

«እንዳትናገር» አለ ኢፑይ፣ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ። «አፍህን መታጠብህን አይቻለሁ። እኔ አወራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ለነገሩ ዝም ስትል ነው ደስ የምትለው።»

ኬና ፊቱን አጨፈገገ። ጠዋት ጸጉሩንም ቅንድቡንም ስለላጩት መጨፍገጉ እንኳ አልታወቀለትም።

«እንቁላል መስለሃል» አለ ኢፑይ።

የሰፈሩን አምላክ የሚሸከም ሰው አፉን ከታጠበ በኋላ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አምላኩ ወጥቶ፣ ተጠይቆ፣ ፍርዱን ሰጥቶ ወደ ማደሪያው እስኪመለስ ድረስ። ይህን የሰፈሩ ሕጻን ሁሉ ያውቃል። ኢፑይም ያውቃል፤ ይህችን ሰዓት የመረጠውም አውቆ ነው። ትናንት ቢመጣ ኬና ይመልስለት ነበር።

«ነገሩ አጭር ነው» አለ ኢፑይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጸሐፊው ‹መሮውን የወሰደው ባኪ ነው ወይ?› ብሎ ይጠይቃል። አምላኩ ወደፊት ከተራመደ አዎ ነው፣ ወደኋላ ካለ አይደለም ነው። አንተ የፊት ግራ ነህ። ከፊት ያለው እግሩን ካነሳ የኋላዎቹ ይከተላሉ። አንድ እርምጃ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

ኬና ጣቱን ወደ ራሱ ጠቆመ። እኔ አውቃለሁ።

«አንተማ ታውቃለህ፤ አብረኸኝ አልነበርክ እንዴ?»

ነበር። መጥፎው ነገር እሱ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ቀን ኢፑይ ከአባቱ መጋዘን አንድ የመዳብ መሮ ልብሱ ሥር ሸጉጦ አወጣ። ሁለቱ ወደ ነገሥታቱ መቃብር የሚወስደውን ዳገት ወጡ። ገደሉ ላይ መቃብር ፈልፋዮቹ ሁሉ፣ አያቶቻቸው ሳይቀሩ፣ ስማቸውን ቀርጸዋል። ኢፑይ ደግሞ ከአያቱ ስም በላይ ካልሆነ አልጽፍም ብሎ ድንጋይ ላይ ተንጠላጠለ። ኬና እግሩን ይዞለት ነበር። መሮው ከኢፑይ እጅ አመለጠ። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እየተንቀጫቀጨ ሲወርድ ሰሙት፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ቢሰዱ አልደረሱበትም። ገመድም ሞከሩ።

መዳቡ የንጉሥ ነው። ጠዋት ሲሰጥ በድንጋይ ይመዘናል፣ ማታ ሲመለስ ይመዘናል። መጥፋቱ ሲታወቅ የኢፑይ አባት የመጋዘኑ ጠባቂ በመሆኑ መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው፤ ቀጥሎ ልጁ። ኢፑይ ትንሽ አሰብ አደረገና «ልብስ አጣቢው ባኪ በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ አይቼዋለሁ» አለ። ባኪ በዚያ በኩል በየቀኑ ነው የሚያልፈው። ውሸቱ ቃሉ ውስጥ አልነበረም፤ ከመናገሩ በፊት ያቺን ታህል ዝም ማለቱ ላይ ነበር። የቀረውን ሰፈሩ ሞላበት።

«ለባኪ አላዝንም እያልኩ አይደለም» አለ ኢፑይ። «ግን እስቲ አስበው። አባቴ ከሥራው ከተነሳ ቤቱ የሥራው ነው፣ ይቀሙናል። እናቴ ልትወልድ ተቃርባለች። የት ልንገባ ነው፣ በረሃ ላይ? ባኪ እንደሆነ የሰፈራችን ሰው አይደለም፣ የወንዝ ዳር ሰው ነው።»

ኬና በዱላ የመምታት ምልክት በእጁ አሳየው። ቀጥሎ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ እንደሚቆርጥ አድርጎ አሳየው።

«አታካብድ። እሱን የሚያደርጉት ካላመነ ነው።»

ኬና አሁን መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ከሞት በኋላ ያችን ሚዛን የማይፈራ ሰው በሰፈሩ የለም፤ በአንድ ወገን ልብ፣ በሌላው የእውነት ላባ። ሙሉ ቀን የሚፈለፍሉትና የሚስሉት እሱኑ ነው።

ኢፑይ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ለእሱ ደግሞ የድንጋይ ጥንዚዛ አለልህ። ሲቀብሩህ ደረትህ ላይ ያስቀምጡልሃል፣ ‹ልቤ ሆይ አትመስክሪብኝ› የሚለው ተጽፎበት። አንደኛ ደረጃ አድርጌ ራሴ እቀርጽልሃለሁ።»

ቀልዱ ሁለቱንም አላሳቃቸውም። ኢፑይ ከንፈሩ ደርቋል፤ እንቅልፍ እንዳላየ ዓይኑ ይናገራል። ከጡት ጀምሮ ግድግዳ ተጋርተው ያደጉ ናቸው። ኬና ራሱን ለመነቅነቅ አስቦ ነበር፤ አይሆንም ሊለው። የአባቱ ምርኩዝ ድንጋይ ሲመታ ሰማና ወደዚያ ዞረ።

ኢፑይ ግን መዞሩን እንደ እሺታ ቆጠረው። «ወንድሜ ነህ» ብሎ ትከሻውን ጨበጠና በመጣበት አጥር ዘሎ ጠፋ።

አባቱ ፓሼድ እያነከሰ መጣ። እንስራ የሚያህል ድንጋይ እግሩ ላይ ስለወደቀበት ነው ዘንድሮ ቦታውን ለልጁ የለቀቀው። የኬናን መታጠቂያ ፈትቶ እንደገና አሰረለት፤ መጀመሪያ የታሰረው ምንም አልሆነም ነበር።

«ትከሻህን ስጥ፣ ሌላ ምንም አታድርግ» አለው። «አትግፋ፣ አትሳብ። ከከበደህ በአፍንጫህ ተንፍስ።»

ኬና እሺ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ሰሞኑን እራት ላይ ‹አባዬ፣ ለመሆኑ የሚራመደው ማን ነው?› ብሎ ጠይቆት ነበር። ፓሼድ ሽንኩርቱን አላምጦ እስኪውጥ አልመለሰም። ‹አምላኩ ነዋ› አለ በመጨረሻ። ‹ሁልጊዜ ከተሸከምን በኋላ እርስ በርስ እንጠያየቃለን። እኔ አልጀመርኩም፣ አንተ ነህ እላለሁ። ያም እኔ አልጀመርኩም ይላል። ሁላችንም አልጀመርንም። እንግዲህ ማን ቀረ?› እናቱ ሳቀች። አባቱ አልሳቀም።



ስምንት ሆነው የአምላኩን መሸከሚያ፣ ወሳንሳውን፣ አነሱት። አምላኩ ከዘመናት በፊት የሞተው ንጉሥ አሜንሆቴፕ ነው፤ ሰፈሩን የቆረቆረ ነው ይሉታል። ሐውልቱ ከእንጨት ተቀርጾ በወርቅ የተለበጠ ሲሆን ከነዙፋኑ ከሰው ቁመት አይበልጥም። ግን ይከብዳል። እንጨቱ ኬና ትከሻ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ አለ። ከኋላው ያለው ሰው በአፍንጫው ተነፈሰ፤ እሱም እንደዚያው አደረገ።

አደባባዩ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሴቶቹ በጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ጥላውን ስለያዙት ወንዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ነጩ የድንጋይ ብናኝ ከእግር ሥር ይነሳል። መካከል ላይ ባኪ ብቻውን ቆሟል፤ በሁለት ዘበኞች መሐል፣ እጁ ከኋላ ታስሮ። እጆቹ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለኖሩ የቆዳቸው ቀለም ከክንዱ ይለያል።

አለቃ ነብኔፈር፣ የሠራተኞቹ ሹም፣ በትሩን መሬት ላይ ተከለ። «የምትለው ካለህ አምላኩ ፊት በል።»

«ምን እላለሁ ጌቶቼ» አለ ባኪ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ አላረፈም። «ወንዝ ዳር ከአዞ ጋር እየተሻማሁ የእናንተን ልብስ ሳጥብ ነው የኖርኩት። እዚህ ያላችሁ ሰዎች ሁሉ፣ የማንን ጉድ ነው እኔ ያላየሁት? አውርቼባችሁ አውቃለሁ? መሮ ምን ያደርግልኛል፣ ልብስ ልፈልፍልበት?»

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። ከቀሩት ውስጥ ጉዳቸውን ማየቱን ያስታወሳቸው መስሏቸው የባሰ የተናደዱም ነበሩ።

ጸሐፊው ወደ ወሳንሳው ዞሮ ሁለት እጁን አነሳ። «ጌታችን ሆይ፣ ከመጋዘን የጠፋውን የንጉሥ መሮ የወሰደው ይህ ሰው፣ ልብስ አጣቢው ባኪ ነው?»

ኬና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ምንም አላደርግም፣ ትከሻዬን ብቻ እሰጣለሁ፣ ይላል በልቡ። አምላኩ እውነቱን ያውቃል። አምላኩ ራሱ ይጨርሰው።

ያኔ እንጨቱ ትከሻው ላይ ተንሸራተተ። ወደፊት።

ኬና አልገፋም። ከኋላው ያለው ሰውም አልገፋም፤ ቢምልለት ያምነው ነበር። ክብደቱ ግን ወደፊት እያዘነበለ ነው፣ በቀስታ፣ በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ይመስል። ጸጉር አልባው ራሱ ላይ ብርድ ብርድ አለው። ለአፍታ አመነ። አምላኩ እየተራመደ ነው። እንግዲያው ምናልባት ባኪ ሌላ መሮ ሰርቆ ይሆናል። ምናልባት አምላኩ እኛ የማናውቀውን ያውቃል።

ከዚያ የሰባቱ ሰዎች እራት ታየው። ሰባቱም ሰሞኑን በየቤታቸው ዳቦ እየቆረሱ ‹ባኪ ነው እንጂ ማን ይሆናል› ሲሉ ከርመዋል። አሁን የሚገፋ የለም። ክብደቱ ባኪ ወዳለበት ሲያዘነብል ለመያዝ የሚታገልም የለም። በቃ፣ ይህን ያህል ነው ነገሩ። ኬና ቁልቁል ሲያይ የራሱ ቀኝ እግር ከመሬት ተነስቷል። መቼ እንዳነሳው አላወቀም።

ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ቀበረ።

እንጨቱ አጥንቱ ላይ ተጫነው። ወሳንሳው ወደ ግራ ተንጋደደ፣ የአምላኩ ዘውድ ተንቀጠቀጠ፣ ሴቶቹ በአንድ ላይ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ኬና ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ከኋላው ያሉት ሰዎች መደንገጣቸው በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ትከሻው ላይ ተሰማው። አምላኩ እንቢ አለ ብለው ነው የደነገጡት። አንዱ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አፈገፈገ፤ ያን ጊዜ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ኬናም አብሮ ተጎተተ። ወሳንሳው በሙሉ ወደኋላ ሄዶ ቆመ።

«አይደለም አለ» አለ ጸሐፊው። የራሱ ድምፅ ያስገረመው ይመስል ነበር።

ባኪ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ዘበኞቹ እጁን ፈቱለት። ኬና ግን ደስ አላለውም። ስምንት ሰው የሚሸከመውን ነገር ለብቻው አስቁሟል፤ ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ አምላኩ ነው ብሎ አምኗል። ከሕዝቡ መሐል የኢፑይን ፊት አየው። ኢፑይ አመድ መስሎ በከንፈሩ ብቻ «ተበላን» አለ።

አለቃ ነብኔፈር ጢም የሌለበትን አገጩን አሻሸ። «እንግዲያው ሌባው ከውጭ አልመጣም» አለ። «ከሰፈራችን ቤት ነው። ቤቶቹ በተራ ይጠሩ። ጌታችን ቤቱን ያሳየናል።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ጸሐፊው ቤቶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ከሰሜኑ በር ጀመረ። የመጀመሪያው ቤት ተጠራ፤ ወሳንሳው ዝም አለ። ሁለተኛው፤ ዝም። ስሙ በተጠራ ቁጥር የዚያ ቤት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሲያልፋቸው ወዲያው ዓይናቸው ወደሚቀጥለው ቤት ሰዎች ይዞራል። ይህን መዞር ኬና ከወሳንሳው ሥር ሆኖ ሲያይ ሰዉ ባኪን ያየበት ዓይን መሆኑን አወቀው።

«የሁንሮ ቤት።»

ሁንሮ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። አህዮቹ ውሃ ባመጡ ቁጥር ከግማሹ ሰፈር ጋር ትጣላለች። ስሟ ሲጠራ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት «እህ» ስትል ተሰማች። ክብደቱም ወደፊት ማዘንበል ጀመረ።

ኬና እንደገና ተረከዙን ቀበረ። ትከሻው ተልጦ ላቡ ያቃጥለዋል። ወሳንሳው ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልሄደም። ጸሐፊው ጠበቀ። ሁንሮም ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አምላኩን ቀና ብላ እያየች ጠበቀች። ከዚያ የሚቀጥለው ቤት ተጠራ።

እስከ መቼ ይይዘዋል? ቤቱ ገና ብዙ ነው። ቢደክመውስ? እሱ ራሱ የሚጠላው ሰው ቤት ሲጠራ ትከሻው ምን ያደርጋል? ከዚህ በፊት ድመቱን በድንጋይ የመታበት ጎረቤት አለ። የዚያ ሰው ቤት ሲጠራ እግሩን ላለማንሳቱ ዋስ ሊሆን አይችልም።

ጸሐፊው የምዕራቡን መንገድ ጀመረ። ሦስት ቤት፣ ከዚያ የኢፑይ ቤት፣ ቀጥሎ የኬና። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ ከሁሉም የቀለለው።

አንድ እርምጃ። የኢፑይ አባት ስም ሲጠራ አንድ እርምጃ ወደፊት። እውነት ነው፣ መሮው ከዚያ ቤት ነው የወጣው። ውሸት የለበትም። አፉንም መክፈት አያስፈልገውም፣ ሕጉንም አይጥስም። ባኪ ነጻ፣ ሁንሮ ነጻ፣ ኬናም ነጻ። ኢፑይን የሚያጋልጠው አምላኩ ይሆናል። ነገ በግድግዳው በኩል ኢፑይ ሲያለቅስ ቢሰማው እንኳ ‹ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የተራመደው እኮ እሱ ነው› ሊለው ይችላል። ኢፑይም ማስረጃ የለውም። ዕድሜ ልኩን ማስረጃ አይኖረውም።

ኬና እግሩ ሲዘጋጅ ተሰማው። ጣቶቹ አሸዋውን ይዘዋል። ጠዋት ኢፑይ ሲለምነው ተጸይፎት ነበር፤ አሁን ያንኑ እርምጃ ነው ሊራመድ ያለው። ልዩነቱ ‹እውነት ነው› ብሎ ራሱን ማጽናናት መቻሉ ብቻ ነው።

አንድ ቤት ተጠርቶ አለፈ። ሌላም አለፈ። ሦስተኛውም። ኢፑይ ከአባቱ ጎን ቆሞ ኬናን ብቻ እያየ ነው። አባቱ የልጁን ትከሻ ይዟል። ምንም የማያውቅ ሰው አያያዝ ነው።

ጸሐፊው ለሚቀጥለው ስም ትንፋሽ ሲወስድ ኬና ጉልበቱን አጠፈ።

ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አወጣ። ወሳንሳው አንዴ ወደ ግራ ሰመጠ፤ ከኋላው ያለው ሰው «ኧረ!» ብሎ ሕጉንም ረስቶ ጮኸና በሁለት እጁ ደገፈው። አምላኩ አልወደቀም። ኬና ወደኋላ ሳይዞር አደባባዩን አቋርጦ ተጠያቂ በሚቆምበት ቦታ ቆመ፣ ከዚያ ዞረ። ቀኑን ሙሉ አምላኩን ከሥር ነው ያየው። ከፊት ሲያዩት ትንሽ ነው። አንዱ ዓይኑ ላይ ቀለሙ ተላጥቷል።

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ» አለ ነብኔፈር። «ታመህ ነው?»

ኬና አፉን ከፈተ። ጨዉ አድርቆታል።

«ቤት መቁጠሩ ይቅር» አለ። «መሮው የት እንዳለ አውቃለሁ።»

አደባባዩ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ፓሼድ ምርኩዙን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣና ቆመ። «ኬና» አለ ብቻ። አልተቆጣም፣ አልለመነም። ስሙን ነው የጠራው።

ነብኔፈር በበትሩ መሬቱን እስኪመታ ጫጫታው አልበረደም። «አምላኩን ተሸክመህ አፍህን ከፈትክ። ምን እንደሚያስከትልብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ አለቃ።»

«ተናገር እንግዲያው።»

«ወደ መቃብሮቹ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ስሞቹ ያሉበት ገደል። ስንጥቅ ውስጥ ወድቋል። ስሜን ልቅረጽ በሚል… ስም ሲቀረጽ ነው ያመለጠው። እግር የያዝኩት እኔ ነኝ። ቀጭን ሰው በገመድ ብታወርዱ ይገኛል፤ ካስፈለገ እኔ እወርዳለሁ።»

ጸሐፊው ዓይኑን አጠበበ። ጸሐፊ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባው። «እግር የያዝክ አንተ ከሆንክ፣ እግሩ የማን ነበር?»

ኬና ወደ ኢፑይ አላየም። ማየቱ ራሱ መናገር መሆኑን ስላወቀ አንገቱን አጥብቆ ያዘ፤ ከወሳንሳው የባሰ ከበደው። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሕጻን ውሃ እያለች ታለቅሳለች።

«ስንጥቁን አሳያችኋለሁ» አለ። «በኔ በኩል ያለውን ነግሬያችኋለሁ። የቀረውን ሌላ ሰው ይናገር። እኔም አልናገርለትም፤ አምላኩንም አታድክሙት።»

«ባይናገርስ?» አለ ነብኔፈር።

ጥቂት ራቅ ብሎ ባኪ አሁንም አሸዋው ላይ ተቀምጦ የተፈታ እጁን እያሻሸ ነው። ሽቅብ አየው፤ ምስጋና አይደለም፣ ይልቁንም ‹ይህን ሁሉ ጊዜ ስታውቅ ነበር?› የሚል አስተያየት ነው። ኬና ዓይኑን አላሸሸም።

«እጠብቃለሁ» አለ፣ ለማን እንደመለሰ ሳይታወቅ። ከዚያ አዲሱ የተልባ እግር ልብሱ አቧራ እንደሚነካው እያወቀ ባኪ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።